ነቀርሳ

ከደባርቅ ጎንደር ለሕክምና የወረዱ አባት «ነቀርሳ ነው» ቢባሉ፣ «የትኛው?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፤ የፊኛ ነቀርሳ ስንል ደግሞ ካንሰር። አንዱ ከባክቴሪያ ይመጣል፣ ሌላው ከገዛ ሴላችን። ሐኪሞች «ካንሰር» ማለት የሚቀናቸው ለዚህ ይመስለኛል።

የሚገርመው፣ ቃሉ ያቀላቀላቸውን ሁለቱን ሕክምናም አገናኛቸው። ሕፃን ክንድ ላይ ጠባሳ ጥሎ የሚቀረው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ወደ ጡንቻ ያልዘለቀ የፊኛ ካንሰርንም ያክማል። በካናዳ ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስ የዘጠኝ ሕሙማንን ውጤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ክትባቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል፤ ታማሚው ሁለት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይዞ ይቆያል፤ በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ሳምንት። የተዳከመው ባክቴሪያ የሰውነትን ዘብ ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል።