ድጋሚ ተፈታኝ እንዴት ተፈጠረ

ጂማት የተባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወስዶ ያሰበውን ነጥብ ያላገኘ ሰው፣ ልድገመው ወይስ በያዝኩት ላመልክት ብሎ ምክር ሲጠይቅ፣ መካሪው ሁሉ የሚመረምረው የጠያቂውን ጠባይ ነው። በደንብ አጥንቶ ነበር ወይ? ፈተናው ላይ ደንግጦ ይሆን? እንደገና ለመጀመር ወኔው አለው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ የፈተናውን ታሪክ ለተከታተለ ሰው ግን ዋናውን ጉዳይ ይስቱታል። ፈተና መድገም የተለመደ ነገር የሆነው የዛሬ ተፈታኞች ከአባቶቻቸው ይልቅ ጽኑዎች ወይም ሥልጣን ናፋቂዎች ስለሆኑ አይደለም። ውጤት የሚመዘግቡት፣ የሚያነቡትና የሚያትሙት ተቋማት የአቆጣጠር ደንባቸውን ደረጃ በደረጃ ስለቀየሩ ነው። ደንቡ በተለወጠ ቁጥር የድጋሚ ተፈታኙ ሒሳብም አብሮ ተለውጧል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተናውን የወለደው የአመልካች ብዛት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮች በ1944 በወጣ ሕግ መሠረት መንግሥት እየከፈለላቸው ወደ ኮሌጅ ጎረፉ። ከዚያ የተረፈው ማዕበል የማስተርስ ትምህርት ቤቶችንም ደረሰ። በ1953 ሃርቫርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ቺካጎ፣ ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ራትገርስ፣ ሴተን ሆልና በሴንት ሉዊስ የሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ዘጠኝ ሆነው፣ ፈተና ማዘጋጀት ሙያው ከሆነው ኢቲኤስ ጋር መከሩ። በየካቲት 1954 የመጀመሪያው ፈተና ተሰጠ። ጂማት የሚለውን ስም ያገኘው በ1976 ነው። በመካከሉ፣ በ1959፣ በፎርድና በካርኔጊ ፋውንዴሽኖች ገንዘብ የተጠኑ ሁለት ዘገባዎች የአሜሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን ክፉኛ ነቀፉ። ትምህርቱ ልል ነው፣ የሚገቡትም ተማሪዎች ደካሞች ናቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ የመግቢያ ነጥብ ተማሪ መለያ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ክብር ማስረጃም መሆን ጀመረ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

በወረቀት ዘመን መድገም ውድ ነበር፤ ውድ ያደረገው ደግሞ ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው። ፈተናው በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጥቂት ቀናት ብቻ ይሰጣል፤ ውጤቱ በፖስታ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ተፈታኙ ነጥቡን አይቶ ቅር ሲሰኝ የማመልከቻው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እየተዘጋ ነው። ስለዚህ መድገም ማለት ለአብዛኛው ሰው አንድ ዓመት መጠበቅ ነበር። በዚያ ላይ የቀድሞው ነጥብ የትም አይሄድም፤ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚላከው ዘገባ ላይ ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል። የደገመ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሞከረ አንባቢው ያያል። ይህን ሁሉ አስቦ አንድ ጊዜ ተፈትኖ ያበቃውን የያኔውን አመልካች ሰነፍ ማለት አይቻልም። በዚያ ደንብ ውስጥ ያዋጣው የነበረው ያ ነው።

በጥቅምት 1997 ፈተናው ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ሰው በትክክል ሲመልስ ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል፣ ሲስት ይቀላል፤ ማሽኑ የተፈታኙን አቅም እያሳደደ ይለካል። ስለ ቴክኒኩ ብዙ ተጽፏል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ከቴክኒኩ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የቀን መቁጠሪያው ነው። ፈተናው ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ሆነ፤ የዋና ክፍሎቹ ነጥብም ተፈታኙ ከወንበሩ ሳይነሳ ይነገረዋል። በወር አንድ ጊዜ መድገም ተቻለ። ዓመት ይፈጅ የነበረው ውሳኔ በሳምንታት የሚቆጠር ሆነ። የአመልካቾች ፍላጎትም እጥረት አልነበረውም፦ በአሜሪካ በ1971 የተመረቁት የቢዝነስ ማስተርስ ባለቤቶች ከ26 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ፣ በ2000 ከ110 ሺህ በላይ ሆነዋል።

ይሁንና ፍጥነት ብቻውን ልማድ አይፈጥርም። ሁለተኛው ኃይል የመጣው ከመጽሔት ነው። ዩኤስ ኒውስ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን በደረጃ እየደረደረ ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ሲያወጣ፣ ከሚደምራቸው መለኪያዎች አንዱ የገቢ ተማሪዎች አማካይ የጂማት ነጥብ ነበር። እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱና የተፈታኙ ጥቅም ተጋጠመ። ሦስት ጊዜ የተፈተነ ተማሪ ያመጣው ከፍተኛ ነጥብ ለትምህርት ቤቱም አማካይ ይጠቅማል፤ ዝቅተኛዎቹን ማስታወስ ማንንም አይጠቅምም። የቅበላ ክፍሎች "የምናየው ከፍተኛውን ነው" ማለታቸው ደግነት ሊመስል ይችላል፤ ሒሳብም ነው። በዚህ ላይ በጣም ግልጽ ማስረጃ የሚገኘው ከጎረቤት ሙያ፣ ከሕግ ትምህርት ቤቶች ነው። እስከ 2006 ድረስ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሕግ ትምህርት ቤቶች የደገሙ ተማሪዎችን የኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤት በአማካይ እንዲያስታውቁ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት ከፍተኛው ነጥብ ይመዝገብ ተባለ። የፈተናው ይዘት አልተነካም፣ ተማሪዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የቅጹ አንድ መስመር ነው፤ ደጋሚዎች ግን በዙ። የኤልሳት አስተዳዳሪዎች በ2017 የድግግሞሽ ገደቡን ጭራሽ አንስተውት፣ በ2019 መልሰው ሌላ ገደብ ለማውጣት ተገደዱ።

የጂማት ባለቤቶችም ይህን መንገድ ተከትለዋል። በ2014 ተፈታኙ ነጥቡን አስቀድሞ አይቶ ይቀበለው ወይም ይሰርዘው ዘንድ ፈቀዱ፤ ቀድሞ ሳያይ ነበር የሚሰርዘው። በ2015 የተሰረዘ ፈተና በዘገባው ላይ ጭራሽ እንዳይታይ ሆነ፣ በሁለት ፈተናዎች መካከል የሚጠበቀውም ጊዜ ወደ 16 ቀን ወረደ። በ12 ወር አምስት ጊዜ የሚለው ጣሪያ እንዳለ ሆኖ፣ ጥቂት ቆይቶ በዕድሜ ልክ ስምንት ጊዜ የሚል ገደብ ተጨመረበት። (800 ያገኘ ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይደግም የሚል ደንብም ነበር፤ ማንን ለማስቆም እንደታሰበ ለመገመት ይከብዳል።) በ2020 ወረርሽኙ የፈተና ማዕከሎችን ሲዘጋ ከቤት የሚወሰደው ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ነው ተብሎ ተጀመረ፤ ተፈታኞች አጉረመረሙ፣ በወራት ውስጥም ሁለተኛ ዕድል ተፈቀደ። በ1960ዎቹ ተፈታኝ ዘንድ እንደ ልግስና ሊቆጠር የሚችለው ነገር አሁን መብት ሆኖ ነበር። በመጨረሻም በ2023 መገባደጃ የወጣው አዲሱ የጂማት ዓይነት የትኛው ነጥብ ይላክ የሚለውን ለተፈታኙ ተወለት፤ ያልመረጠው ነጥብ ለትምህርት ቤቱ አይደርስም። የቀድሞው ሙከራ ከዘገባው ጠፋ ማለት ነው።

ፈተና መድገም የሰው ልጅ ጠባይ እንጂ የቅጽ ውጤት አይደለም የሚል ሰው ቻይናን ሊጠቅስ ይችላል። እውነት ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመንግሥት ሹመት ፈተና ሽበት እስኪያወጡ ድረስ የሚደጋግሙ ነበሩ። የታይፒንግን አመፅ የመራው ሆንግ ሽዩጩዋን አራት ጊዜ ወድቋል፤ የመጨረሻው ውድቀቱ በ1843 ነው። ግን የዚያን ፈተና ደንብ እንይ። ውጤቱ ማለፍ ወይም መውደቅ ነው፤ የሚያልፈው ቁጥር በኮታ የታሰረ ነው፤ የቀድሞ ውድቀት በሚቀጥለው እርማት ላይ ነጥብ አያስቀንስም፤ ወደ ሹመት የሚያስገባ የተሻለ በርም አልነበረም። ያለፈ ውድቀት ምንም በማያስከፍልበት ቦታ ሰው ይደግማል። ስለዚህ የቻይናው ምሳሌ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ1960ዎቹ የነበረው አሜሪካዊ አመልካችና የቻይናው ሊቅ የተለያዩት በጽናት ሳይሆን ውድቀታቸው በሚመዘገብበት ደብተር ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የደገመ ሰው በእርግጥ ተምሮ ይሻሻላል፤ ከፍተኛው ነጥብም እውነተኛ አቅሙ ነው የሚለው። በከፊል ትክክል ነው። ሰው የፈተናውን ጠባይ ይለምዳል፣ ሰዓት መመጠን ይማራል። የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው እንደሚሉት ደጋሚዎች በአማካይ የሚጨምሩት በድሮው ከ200 እስከ 800 በሚደርሰው መለኪያ ወደ 30 ነጥብ ገደማ ነው፤ መነሻው ከፍ ባለ ቁጥር ጭማሪው ይቀንሳል። ነገር ግን የፈተናው የልኬት ስህተትም ከ30 እስከ 40 ነጥብ ይገመታል። አንድ ሰው ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይረሳ ነገ ቢፈተን ያን ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። አማካዩ የሚሰላውም ለመድገም ከመረጡት ነው፤ ከመረጡት ብዙዎቹ ደግሞ ዕለቱ ያልቀናቸው ናቸው። ዕለቱ የቀናው ሰው ነጥቡን ይዞ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ያልቀናው ሲመለስ ወደ ተለመደው መጠኑ ቢወጣ እንደ ትምህርት ይቆጠርለታል።

የሰው ምርጫም ሁልጊዜ በስሌት አይደለም። ዴቪን ፖፕና ዩሪ ሲሞንሶን በ2011 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሆነውን ሳት የወሰዱ ተማሪዎች ነጥባቸው ከድፍን ቁጥር ጥቂት ሲያንስ በድፍን ቁጥሩ ላይ ካረፉት ይልቅ በብዛት እንደሚደግሙ አሳይተዋል። በጂማት ዓለም ይህ ድፍን ቁጥር 700 ነበር። 690 ያገኘ ሰው ከ700 የሚለየው በልኬት ስህተቱ ሩብ ወይም ሲሶ ቢሆንም፣ ሁለቱ ሰዎች ሌሊት የሚተኙት እንቅልፍ ይለያያል። አዲሱ ፈተና ከ205 እስከ 805 ሲሆን ነጥቡ ሁሉ በ5 ያበቃል። ታዲያ ሰዉ ወዲያው የድሮውን 700 የሚተካከለውን 645 ፈልጎ አገኘና አዲስ ደጃፍ አደረገው።

ከፍተኛውን ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ ማስረጃው ወደ ሁለት ይከፈላል። ጄኮብ ቪግዶርና ቻርልስ ክሎትፌልተር በ2003 ሳትን መርምረው፣ ይህ አሠራር መድገምን እንደሚያበረታታና መድገም የሚከብዳቸውን ሰዎች እንደሚጎዳ ተከራክረዋል። ጆሹዋ ጉድማን፣ ኦዴድ ጉራንትዝና ጆናታን ስሚዝ ደግሞ ኋላ ላይ ባወጡት ጥናት፣ መድገም ነጥብንም ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ መግባትንም እንደሚጨምር፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ግን ከሌሎቹ ባነሰ እንደሚደግሙ አሳይተዋል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። መድገም የሚጠቅመው ደንቡ ለደጋሚ ስለሚከፍል ነው፤ የሚጎዳውም ደንቡን ያላወቀውን ወይም የሚከፍለው የሌለውን ነው። አንድ የጂማት ሙከራ በፈተና ማዕከል 275 ዶላር ይጠይቃል። በ2024 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ አዲስ አበባ ላለ አመልካች "አንድ ጊዜ ልሞክር" የሚለው ውሳኔ ዋጋ በብር በአንድ ወር ወደ እጥፍ ተቃረበ። ቦስተን ያለው ተፎካካሪ ይህን አልሰማም፤ ሁለቱ ግን የሚነጻጸሩት በከፍተኛ ነጥባቸው ነው።

እንግዲህ የሚወስነው ሰው ስለ ወኔው ከመጠየቁ በፊት ስለ አንባቢው ይጠይቅ። የሚያመለክትበት ትምህርት ቤት ያለፈውን ዓመት ገቢዎች የነጥብ ክልል ያትማል፤ ብዙዎቹ የመካከለኛውን 80 በመቶ ክልል ይሰጣሉ። ነጥቡ በዚያ ውስጥ ካረፈ፣ አሥር ወይም ሃያ ነጥብ ለመጨመር የሚጠፋው ወር የሥራ ልምዱን በሚገልጸው ድርሰትና በድጋፍ ደብዳቤዎቹ ላይ ቢውል የተሻለ ይከፍላል፤ ልዩነቱ በልኬት ስህተቱ ውስጥ ነውና። ከክልሉ በታች በግልጽ ከወረደና የተሳሳተበትን ክፍል ለይቶ ካወቀ፣ የዛሬው ደንብ ለመድገም ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ግብዣም ነው፤ ያለፈው ሙከራ አይታይበትም። ወደ ስኮላርሺፕ የሚያይ ከሆነ፣ የሚሰጠው ክፍል ነጥቡን ከቅበላ ክፍሉ በተለየ መንገድ ይመዝን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ያለ ፈተና ማመልከትን የፈቀዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ ደካማ ነጥብ የያዘ ሰው ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ መድገም፣ የያዘውን መላክ፣ ወይም ፈተና እንዳልተፈተነ ሆኖ ማመልከት። ሦስተኛውን የሚመርጥ ሰው ትምህርት ቤቱ የነጥቡን ክፍት ቦታ በምን እንደሚተካው፣ በኮሌጅ የሒሳብ ውጤት ይሁን በሥራ ልምድ፣ አስቀድሞ ለቅበላ ክፍሉ ጽፎ ማጣራት ይኖርበታል።