ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት

ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰው የሚተነፍሰው አየር፣ የሚጠጣው ውኃና የሚያርሰው መሬት ተበክሎ ሕይወቱና ጤናው እንዳይጎዳ የሚጠብቅ ሰብአዊ መብት ነው። መብቱ ብክለትን በመከልከል ብቻ አያበቃም። ስለ አካባቢው መረጃ ማግኘትን፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት መደመጥንና ሲበደሉ ፍርድ ቤት መቆምንም ይጨምራል። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ቀሪው ወረቀት ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ስለ አካባቢ አንድም አንቀጽ የለውም። ሁለቱን ጉዳዮች በዓለም አቀፍ መድረክ ያገናኘው የ1972ቱ የስቶክሆልም ጉባኤ ነው። አስገዳጅ በሆነ ስምምነት መብቱን ቀድማ የጻፈችው ግን አፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 ናይሮቢ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 24 ሕዝቦች ሁሉ ለዕድገታቸው በሚስማማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ባለመብቱ ግለሰብ ሳይሆን ሕዝብ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የዚህ አንቀጽ ትልቁ ፈተና የመጣው ከናይጄሪያ፣ ከኒጀር ደልታ ነው። በኦጎኒ ምድር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነዳጅ ሲወጣ፣ ከቧንቧው የሚፈሰው ዘይት የዓሣ ማጥመጃውን ወንዝና የካሳቫውን ማሳ አጠፋ። ደራሲው ኬን ሳሮ-ዊዋ የመራው ሰላማዊ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ብዙ ሺህ ሕዝብ አደባባይ አስወጣ። የወታደራዊው መንግሥት ምላሽ እስራት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 10 ቀን 1995 ሳሮ-ዊዋና ስምንት ባልደረቦቹ ተሰቀሉ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ናይጄሪያ አንቀጽ 24ን ጨምሮ በርካታ የቻርተሩን አንቀጾች መጣሷን ወሰነ። በቻርተሩ ውስጥ በስም ያልተጠቀሱት የምግብና የመጠለያ መብቶችም ከሌሎቹ አንቀጾች እንደሚመነጩ ገለጸ። ውሳኔው ግን ውኃውን አላጠራውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በንሲሲዮከን ኦጋሌ መንደር ነዋሪዎች ከሚጠጡት ጉድጓድ የተቀዳው ውኃ ቤንዜን የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ ከ900 ጊዜ በላይ ይዞ ተገኝቷል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ መብቱን የተቀበለው እጅግ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ነው። 161 አገሮች ደገፉ፤ የተቃወመ አልነበረም፤ ስምንት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከስምንቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም የራሷ ሕገ መንግሥት መብቱን ከጻፈ ያኔ 27 ዓመት አልፎታል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹህና ጤናማ አካባቢን ያረጋግጣል፤ በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀሉ ሰዎችም ካሳ ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው ሥራ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከዚህም ይሻገራል፤ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ለሕግ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አንድ የሲቪክ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሲከስ፣ ባለሥልጣኑ ራሱ በካይ ስላልሆነ አይከሰስም ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል። በሩ ተከፍቶ መግቢያው ጠቧል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ምን ያህል የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ቆሼ ያሳያል። በዚህ የአዲስ አበባ የቆሻሻ መጣያ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ተከምሯል። በግርጌውና በላዩ የጭቃና የላስቲክ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ፤ ብረታ ብረትና የሃይላንድ ፕላስቲክ ለቅመው፣ ሸጠው የዕለት ጉርሳቸውን ያገኙ ነበር። ከተማው በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻውን ወደ ሰንዳፋ ወስዶ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሽታው እንዳልቻሉት፣ ውኃቸው እንደተበከለና ከብቶቻቸው እንደተጎዱ ተናግረው ተቃወሙ፤ እውነትም ነበራቸው። መጣያው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ የቆሻሻ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገር አቀፍ የሐዘን ቀናት ታወጁ። መኪኖቹ ከመመለሳቸው በፊት የቆሼ ነዋሪ መደመጥ ነበረበት።