ሚጥሚጣ አፍ ሲያቃጥል ውሃ ለምን አይረዳም? ምንስ ይረዳል?

በናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ከሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ክትፎ አዘን ተቀምጠናል። ኬንያዊው የሥራ ባልደረባዬ ቀዩን ዱቄት እንደ ጨው ቆጥሮ በልግስና ነሰነሰበት። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨልጦ ቢጠጣም ማቃጠሉ አልተወውም። አስተናጋጇ ምንም ሳትናገር ከጣባው አጠገብ የነበረውን አይብ ወደ እሱ አስጠጋችለት።

ያደረገችው ሳይንስም የሚደግፈው ነገር ነው።

ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ማቃጠሉ እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ጣዕም አይደለም። ካፕሳይሲን በአፍ ውስጥ ባሉ ነርቮች ላይ ከሚገኝ ቲአርፒቪ1 ከተባለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ይህ ተቀባይ በተለመደው ሁኔታ የሚነቃው ሙቀት 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። ካፕሳይሲን ሲያገኘው ግን ምግቡ ቀዝቃዛ ቢሆን እንኳ 'አፍ እየተቃጠለ ነው' የሚል መልዕክት ወደ አንጎል ይልካል። ተቀባዩን በአውሮፓውያኑ 1997 ይፋ ያደረጉት አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጁሊየስ በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርተዋል።

ካፕሳይሲን በስብና በአልኮል እንጂ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ለአፍታ ያበርዳል፤ ከተዋጠ በኋላ ማቃጠሉ ይመለሳል። ትኩስ ሻይ ደግሞ፣ ናይሮቢ እንደሚጠጣው ወተት የበዛበት ቢሆንም፣ ሙቀቱ ያንኑ ተቀባይ ስለሚቀሰቅስ ሕመሙን ያብሳል።

በ2019 የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ72 ሰዎች የሚያቃጥል የቲማቲም መጠጥ ሰጥተው የተለያዩ ማብረጃዎችን አወዳድረው ነበር። ከሁሉ የተሻሉት ስብ ያለው ወተት፣ ስቡ የወጣለት ወተትና ኩል-ኤይድ የተባለው ጣፋጭ መጠጥ ሆኑ። ኮላ፣ አልኮል አልባ ቢራና ጋዝ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ቀሩ።

የሚገርመው ስብ የሌለው ወተት ስብ ካለው እኩል መሥራቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ በመሆኑ ስቡ ጥቂት ነው፤ ኬዚኑ ግን አብሮት ይቀራል። ክትፎን ከአይብ ጋር ማቅረብ የጀመረው ማንም ይሁን ማን፣ ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። ናይሮቢ ውስጥ አይብ ካልተገኘ በየሱቁ የሚሸጠው 'ማዚዋ ላላ' የተባለው እርጎ መሰል ወተት ይተካዋል። ቶሎ ከመዋጥ ይልቅ አፍ ውስጥ ጥቂት ማንሸራሸር ይጠቅማል።

በጾም ወቅትስ? እዚህ ላይ ኩል-ኤይድ ፍንጭ ይሰጣል፤ ጣፋጭ ነገር የማቃጠል ስሜትን ያደበዝዛል። አንድ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ምላስ ላይ ማቆየት ይቻላል። እኔ በግሌ የምመርጠው ስብም ስኳርም ያለውን ቀዝቃዛ የአቮካዶ ጭማቂ ነው። የአኩሪ አተር ወተት ኬዚን ስለሌለው ከላም ወተት እኩል ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይገባም። እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ኡጋሊም ምላስ ላይ የቀረውን ጠርጎ ይወስዳል።

ሚጥሚጣ የቀመሰ ሕፃን ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ማር ፈጽሞ አይሰጠውም። ማር በዚህ ዕድሜ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። የእናት ጡት ወይም የለመደው ወተት ይበቃዋል። ቃሪያ የነካ እጅን በዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይመከራል። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን የሚጠቅመው ብዙ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ወተት ዓይን ውስጥ አይጨመርም።

አብዛኛውን ጊዜ ማቃጠሉ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በ2023 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ በማኅበራዊ ሚዲያ በተዛመተ ውድድር እጅግ የሚያቃጥል ቺፕስ ከበላ በኋላ ሕይወቱ አልፏል። የአስከሬን ምርመራው ከፍተኛ መጠን ያለው ካፕሳይሲን መመገቡን ከልብ ሕመሙ ጋር ጠቅሷል።

የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ አልቆም ያለ ትውከት ከታየ አይብ መፈለጉን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ምንም የሚያቃጥል ነገር ሳይበሉ አፍ ለቀናት የሚያቃጥል ከሆነም መንስኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል።