መምህር የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ድጓ የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይሆንም። ደቀ መዝሙሩ የትም ይማር፣ በማንም የኔታ እግር ሥር ዓመታትን ያሳልፍ፣ ወንበር ተክሎ ለማስተማር ሲያስብ መንገዱን ወደ አንድ ደብር ያቀናል። ያ ደብር በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር የሚገኘው ቤተ ልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ አቋቋም ጎንደር፣ ድጓ ደግሞ ቤተ ልሔም ይመሰከራል። ዛሬ የመምህራን ማሠልጠኛ የምንለው ተቋም በአገራችን ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ይህ የደጋ አጥቢያ የመምህራን መፈተኛ ነበር።

የደብሩን ዕድሜ ሕንፃው ራሱ ይናገራል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በበቅሎ ተጉዞ ጋይንት ሲደርስ፣ ከውጭ ያየው በአካባቢው እንደተለመደው ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ግድግዳ የተከበበ፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ጉዞውን በመጽሐፍ አሳትሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ለዓለም አስነበበ። ለድጓ ተማሪ ግን ቤተ ልሔም አዲስ ግኝት አልነበረችም፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየመንደሩ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ የሚደርስባት የትምህርቱ መጨረሻ ነበረች።

ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ለነበረው ለአክሱማዊው ቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ ድርሰት ነው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ የተሰናዳ ሲሆን፣ ከዮሐንስ ተነሥቶ አስተምህሮንና ፋሲካን እያዳረሰ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ይዞራል። ዜማው ለረጅም ዘመን በቃል ሲወርድ ቆይቶ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይተረካል። በድጓ ዜማ ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር የሚባሉ ስልቶች ሲኖሩ፣ በስፋት የሚሰማው የቤተ ልሔም ነው።

አንድ የድጓ ገጽ ቀርቦ ቢታይ የትምህርቱ ክብደት ይገባል። ብራናው ላይ መስመሮቹ ተራርቀው ይጻፋሉ፤ በመካከላቸው ደቃቃ ፊደላትና ጭረቶች ይሰፍራሉ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚሳብ፣ የት እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ደቃቃዎቹ ፊደላት ደግሞ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ሌላ ዜማ የተቆነጠሩ ናቸው። ሁለት ፊደል አይቶ የዚያን ዜማ ሙሉ ስልት ማስታወስና አሁን በሚያዜመው ቃል ላይ ማዋል አለበት። ስለዚህ የድጓን ገጽ ማንበብ የሚችለው ዜማውን በልቡ ያኖረ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ራሱ የሚጽፈው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ከመምህሩ ቅጂ ይገለብጣል፤ ከዚያም ምልክቱን ከቃሉ በላይ ያሰፍራል። በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ያልፋሉ። እጁ ሲጽፍ ጆሮው ያዳምጣል፤ ምልክቱን አሳስቶ ካሰፈረ ዜማው ይሰበራል፣ መምህሩም ወዲያው ይሰማዋል። ለምስክር ሲቀርብ ድጓውን በመምህሩ ፊት እያዜመ ይዘልቃል፤ የጎደለው ይሞላል፣ የተሳሳተው ይፋቃል። አስመስክሮ ሲመለስ የሚያስተምርበትን መጽሐፍ በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ አፉ አስፈትኖ ነው።

ማስተማሩም ቢሆን ከምስክር በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም። በጉባኤ ቤት የኔታ ለሁሉም ተማሪ አይደርሱም፤ የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ጾመ ድጓና ምዕራፍ የጨረሰው ውዳሴ ማርያም ላይ ያለውን ይዞ ይውላል፣ ማታ ደግሞ የራሱን ቀጸላ ለመምህሩ ያሰማል። በአንድ ቀን ተማሪም መምህርም ይሆናል። የዛሬ ኮሌጆች የማስተማር ልምምድ ብለው ከሥልጠናው ክፍል አንዱ ያደረጉት ነገር፣ በጉባኤ ቤት የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

ድጓ ቤት ግን የሌላውን ድርሰት በትክክል መያዝን ያስተምራል እንጂ አዲስ መጻፍን አይደለም። ያ የቅኔ ቤት ድርሻ ነው። የቅኔ ተማሪ አፉን በፈታበት በአማርኛ ሳይሆን፣ የማንም የእናት ቋንቋ ባልሆነው በግዕዝ በየቀኑ ይደርሳል። ሰዋስዉን ከግስ ጀምሮ ካጠና በኋላ ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ያ ሲቀናለት ወደ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ያልፋል፣ እያለ እያለ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ሲያሰላስል ይውልና ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምቶ አገባቡን ያርማል፣ ምሥጢሩን ያቃናል፣ ራሱም ዘርፎ ያሳያል። ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል።

ይህን ሥርዓት ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት መካከል አለቃ ዕምባቆም ቃለ ወልድ ይገኛሉ። በአማርኛ የጻፉትን የአብነት ትምህርት ታሪክ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ማተሚያ ቤት ታትሟል። የመምህራን ኮሌጅ ስለ አገራችን ጉባኤ ቤቶች መጽሐፍ ማሳተሙ ተገቢ ነበር፤ ሁለቱም የያዙት ጉዳይ አንድ ነውና። ተርጓሚውም የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ፣ «ያላቻ ጋብቻ» የተባለውን ተውኔት በአማርኛ ጽፎ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ደራሲ ነው። ከአብነት ትምህርት ቤተሰብ ወጥቶ በባዕድ ቋንቋ መጻፍ እንደሚቻል በሥራው አሳይቷል።

በዘመናዊው ትምህርት በኩል፣ ከጋይንት ወደ ምዕራብ በጣና ዳር፣ በ1965 ዓ.ም. የባሕር ዳር የመምህራን አካዳሚ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ተመሠረተ። ኋላ ከከተማዋ ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ መጥቶ መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ወጣት በእንግሊዝኛ አንቀጽና ድርሰት መጻፍ ይጠበቅበታል። ሁኔታው ከቅኔ ተማሪው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም በቤታቸው በማይነገር ቋንቋ ሐሳባቸውን ሊገልጡ ይጣጣራሉ። የተለየው አያያዙ ነው። ቅኔ ቤት በሁለት መስመር አስጀምሮ በየቀኑ ሰምቶ ያርማል። ክፍሉ በተማሪ በሚሞላበት ኮርስ ግን ሠልጣኙ ረጅም ድርሰት ጽፎ ያስረክባል፤ የሚመለስለትም ብዙ ጊዜ ነጥብ ብቻ ነው።

ጉባኤ ቤቱን እንዳለ ወደ ዩኒቨርሲቲ እናምጣው ማለት አይደለም። የተማሪው ረሃብና እንግልት የሚመኙት አይደለም፤ ዛሬ ሠልጣኙ የሚማረውም ሰፊ ነው። ነገር ግን ጉባኤ ቤቱ የጠበቃቸው ሦስት ልማዶች ገንዘብ አይጠይቁም። የጽሑፍ ኮርስ ከአጭር ጀምሮ በየዕለቱ ይሠራ፤ የሠልጣኙ ጽሑፍ በፊቱ ተነብቦ ይታረም፤ የገፋው ሠልጣኝ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ከኋላው ያለውን ያስጠና። ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም ያሉ መምህራን አሠልጣኞች ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልጋቸውም። በጋይንት ያለውን ጉባኤ ሄደው ቢያዩት፣ የኔታን ቢጠይቁ፣ ያዩትንም ቢጽፉት፣ ለሥልጠናው የሚረዳ የአገር ዕውቀት ያገኛሉ። የድጓው መምህርም ሙያው በዘመናዊው ባልደረባው ዘንድ የመምህርነት ሙያ ተብሎ ሊከበርለት ይገባል።