የአያቴ ጉልበት፣ የልጆቹ ጥርስ

ዘጠኝ ሰው ይዞ ከተማ መቀየር ማለት ዘጠኝ ከተማ መፈለግ ማለት ነው። እኛ ቤት አያቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜና ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህቴና እኔ አለን። የአዲስ አበባ ኪራይ ከአቅም በላይ ሲሆን ወንድሜ «ወደ ናዝሬት እንውረድ» አለ። አያቴ ግን ቀደሙት። «ናዝሬት ምን አለ? ሶደሬ ነው እንጂ!» አሉ። ምክንያታቸው ጉልበታቸው ነው፤ ከዓመታት በፊት ፍልውሃው ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠው ያለ ከዘራ ሄጃለሁ ይላሉ። ታሪክ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ «እስኪ አጥኚው» ተባልኩ። ያጠናሁት ይኸው።

ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ አዋሽ ዳር የተቀመጠች ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ሶደሬ ማለት ዋና፣ የትምህርት ቤት ሽርሽር፣ ሳንድዊች የሚነጥቅ ጦጣ ነው። ለአያቴና ለእኩዮቻቸው ግን መድኃኒት ናት። እዚህ ምድር ሥር ስምጥ ሸለቆው ገና እየተለጠጠ ነው፤ ሙቀቱ ቅርብ ነው። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ጥልቅ ቦታ ይሞቃል፣ ዓለቱን እያጠበ ተመልሶ ይወጣል። «ዓለቱን እያጠበ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ጣጣው ያለው እሷ ላይ ነው።

ለጉልበት ብሎ ቦታ መምረጥ በእኛ አገር የአያቴ ፈጠራ አይደለም። ዋና ከተማችንም ከዚህ የራቀች አይደለችም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ሳለ መኳንንቱ ከብርዱ ሸሽተው ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» አሉት። ከዚያ ትልቁ ቤተሰብ ተከትሎ ወረደ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ። ፍልውሃ ለመታጠብ እንጂ ለማብሰል አይሆንም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያነደው እንጨት አለቀ። አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባን ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እኔ ታሪኩን ስነግራቸው አያቴ «ታዲያ ጣይቱ ተሳስተዋል?» አሉ። አልተሳሳቱም። ግን ቦታውን የመረጠው የታመመ ገላ ነው፤ ኋላ ዕዳውን የከፈለችው ደግሞ ምድጃ ዳር ያለችው ሴት ናት።

ወደ ሸለቆው ልመለስ። ያ ዓለቱን እያጠበ የሚወጣ ውሃ ይዞ ከሚመጣው አንዱ ፍሎራይድ ነው። አዎ፣ የጥርስ ሳሙና ላይ የተጻፈው። ትንሽ ሲሆን ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል፤ ሲበዛ ደግሞ ጥርሱን ራሱን ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚያ ያልፋሉ፤ ብዙ እጥፍ የሚያልፉም አሉ። የእሳተ ገሞራ ዓለት፣ ሙቀት፣ ካልሲየም የሚያንሰው ውሃ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ፍሎራይድ የሚያስቀረው ነገር የለም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም። ማፍላት ምንም አይፈይድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር ይጠነክራል።

አሁን ዕድሜ ቁጠሩ። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው በግምት እስከ ስምንት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ የተጠጣ ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ይጻፋል፤ መጀመሪያ ነጭ ነጥብ፣ ሲብስ ቡናማ፣ ሲከፋ የተበላ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው፣ ለምሳሌ በሃያ አምስት ዓመቱ ለሥራ የተቀጠረ፣ ያንኑ ውሃ እየጠጣ ጥርሱ እንደነጣ ይኖራል። ስለዚህ አባትየው መስታወት ሲያይ ችግር የለም። የልጁ የፊት ጥርስ የሚወጣው ከመጡ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ነገሩ አልፏል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አንድ ቤተሰብ ከተማ ሲመርጥ የሚጠይቀው አዋቂው ነው፤ አዋቂው ደግሞ በዚህ ጉዳይ አይነካም። የእኛዎቹ ልጆች ሁለት፣ አራትና ሰባት ዓመታቸው ነው።

አዋቂው አይነካም ማለቴ ግን ለጥርሱ ነው። ለአጥንቱ የሆነውን ወንጂ ታውቃለች።

የወንጂ ነገር እንዲህ ነው። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ የእርሻ ሀብቱን ሲያጣ አዲስ አገር ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ አዋሽ ዳር ወንጂ ሜዳ ላይ ወደ 5,000 ሄክታር መሬት ያዘ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት ነበር። እነሱ ተገፉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፣ በ1962 ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ተከተለ። ለአገዳ ቆረጣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ሰው ጎረፈ። መጀመሪያ ወንዱ ብቻውን ይመጣል፣ ቆይቶ ሚስት ይመጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ በፊደል የሚጠሩት የሠራተኛ መንደሮች በቤተሰብ ይሞላሉ። ማንም ከተማ አልመረጠም፤ ደመወዝ ነው የመረጠላቸው። ውሃውም ከጉድጓድ ነው።

ዓመታት አለፉ። ረጅም ጊዜ ከኖሩት ሠራተኞች መካከል አንገታቸው የማይዞር፣ ወገባቸው የማይታጠፍ፣ ጎብጠው የሚሄዱ መታየት ጀመሩ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጀምሮ ጉዳዩን ይዘው የአጥንት ፍሎሮሲስ መሆኑን ለዩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ የስምጥ ሸለቆውን ውሃ እየለኩ፣ ጥርስና አጥንት እየመረመሩ ችግሩ ወንጂ ብቻ እንዳልሆነ አሳዩ። አጥንቱ ከመጠን በላይ ይወፍራል፣ መጋጠሚያው ይደርቃል፣ የባሰበት ሰው ላይ ነርቭ ይጫናል። እርሻው ውስጥ ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎች ተተክለዋል፤ ግን ማጣሪያ ማለት ቧንቧ አይደለም፤ በየጊዜው ማጠብ፣ መለወጥ፣ መለካት ይፈልጋል። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። ውሃው ግን ያው ከዚያው ዓለት ነው የሚመጣው።

ይህን ለአያቴ ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩ። ጉልበት ሊያድኑ ሲወርዱ ጉልበት የሚያደርቅ ውሃ መኖሩን ማን ይጠብቃል? በነገራችን ላይ መታጠቡ ጉዳት የለውም፤ ፍሎራይድ በቆዳ አይገባም ቢባል ይቀላል። ጣጣው መጠጣቱ፣ ማብሰሉ፣ ሻይ ማፍላቱ ነው። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው።

ደጋ ያደገ ሰው «ቆላ» ሲባል መጀመሪያ የሚፈራው ወባን ነው፤ እናቴም እንደዚያው። አልሳቁባቸውም፤ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ወባ የማያውቀውን አገር ሁሉ መትቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው የተሠራው። ግድቡ መብራት ሰጠ፣ የወንጂን ጎርፍ ያዘ፣ በሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ለትንኝ ማረፊያ አበጀ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ለሐይቁ የቀረቡ መንደሮች ላይ ወባ ከራቁት ይበልጥ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ስለዚህ ከቆቃ ዳር ቤት ረክሶ ሲገኝ እናቴ ልክ ናቸው። ሶደሬም ከአዳማ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ አዋሽም በሯ ላይ ነው። ግን ወባ አጎበር አለው፣ ምርመራ አለው፣ መድኃኒት አለው። ቡናማ ሆኖ የወጣ ጥርስ አይመለስም።

መተሐራን በአጭሩ ላውራት፤ ወንድሜ «ኪራይ በጣም ርካሽ ነው» ስላለ። የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይድም አለው፣ መንገድና ሐዲድ አስነስቷል። ልጆች ይዤ ወደሚያድግ ሐይቅ አልሄድም። አለቀ።

አዳማ ራሷ የቤተሰብ ምርጫ ሳትሆን የባቡር ምርጫ ናት። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳይደርስ በፊት በዚች አልፏል፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ነው የበቀለችው። ስሟ በኦሮምኛ ከቁልቋል ጋር ይያያዛል ይባላል፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ተሰየመች፣ በ1992 ዓ.ም. አዳማ ተብላ ተመለሰች። እኛ ቤት አሁንም ሁለቱም ስም ይጠራል፤ ወንድሜ ናዝሬት፣ ልጆቹ አዳማ ይላሉ።

በዚያው 1992 ዓ.ም. የአገሪቱ ትልቁ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደዚች ከተማ እንዲመጣ ተወሰነ። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ተዛወረ ተባለ። ውሳኔው ብዙዎችን አስቆጣ፤ በ1996 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሜጫና ቱለማ ማኅበር ተቃወሙ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ ተማሪዎች ተባረሩ። ከምርጫ 97 በኋላ በሰኔ ደግሞ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። አምስት ዓመት። ፖለቲካውን ሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን፤ እኔን የያዘኝ የሠራተኛው ጓዝ ነው። መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይዛወራል። አምስት ዓመት ለአንድ መንግሥት አጭር ነው፤ በሁለት ዓመቱ ለመጣ ልጅ ግን አፍ የሚፈታበት፣ ፊደል የሚቆጥርበትና የፊት ጥርሱ የሚሠራበት ጊዜ በሙሉ ነው።

አዳማ ለእኛ አንድ ትልቅ ነገር አላት። የከተማዋ ቧንቧ የሚሞላው ከቆቃ በታች ከአዋሽ ተወስዶ በሚጣራ ውሃ ነው። የወንዝ ውሃ ዓለት ውስጥ ሳይቆይ ስለሚሄድ ፍሎራይዱ ከጥልቅ ጉድጓድ ያንሳል። ችግሩ ቧንቧው የማይደርስበት ጠርዝና ውሃ በሚጠፋበት ቀን በቦቴ የሚመጣው ነው።

ከአዳማ ወደ ሶደሬ ሲኬድ መሃል ላይ አዋሽ መልካሳ አለች። እዚያ አልሙኒየም ሰልፌት የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ በተለምዶ አለም የሚባለው፣ ውሃ ለማጥራት የሚጨመረው። ሕንድ ውስጥ ናልጎንዳ በምትባል ቦታ ስም የተጠራ ዘዴ አለ፦ አለምና ኖራ ውሃው ውስጥ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ይረጋል፣ ፍሎራይዱ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። ሌላው ዘዴ የተቃጠለ የከብት አጥንት ነው፤ በደንብ ይሠራል፣ ግን በዐቢይ ጾም ለአያቴ በአጥንት የተጣራ ውሃ የሚያቀርብ እኔ አልሆንም። ናልጎንዳም ቢሆን በቀን ለዘጠኝ ሰው መመጠን፣ ዝቃጩን መድፋት ነው። በሳምንቱ የሚሰለች ነገር ነው፤ የምታማስለውም ማን እንደምትሆን እናውቃለን።

የወንድሜ ሚስት ነች ነገሩን የቆረጠችው። መልካሳ አካባቢ ሰፊ ግቢ፣ አራት ክፍል፣ ማንጎ ያለበት ቤት ተገኝቶ ሁላችንም ልባችን ሄዶ ነበር። አከራዩ ጥሩ ሽማግሌ ናቸው። ኪራይ ስንነጋገር፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ስንጠይቅ እሷ ዝም ብላ ቆየችና «አባባ፣ ውሃው ከየት ነው?» አለች። «ከግቢያችን ነው ልጄ፣ ጠፍቶ አያውቅም» አሉ በኩራት፣ ፈገግ ብለውም። እሷ ፈገግታቸውን አየች፤ ከዚያ የአራት ዓመቱን ልጇን አየች።

አዳማ ውስጥ፣ ጠባብ ግን ቧንቧ የገባበት ሦስት ክፍል ይዘናል። እኔና እህቴ ሳሎን እንተኛለን። አያቴ አንድ ሳምንት አኩርፈው ከረሙ፤ ቀጥሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ እንዲወሰዱ፣ የሚኒባሱንም ሒሳብ ወንድሜ እንዲችል ተስማሙ። የሚጠጡትን በጀሪካን ከቤት ይዘው ነው የሚሄዱት።