መንገዱ የተዘጋበት አዞ

አርባ ምንጭ ሄዶ አሳ ሳይበላ፣ «አዞ ገበያ»ንም ሳያይ የተመለሰ ሰው፣ ሄጄ ነበር ቢል ማን ያምነዋል? እኔም የአገሩን ወግ አክብሬ አንድ ጠዋት በጀልባ ጫሞ ላይ ወጣሁ። ኩልፎ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ለመሆኑ እነዚህ ከየት መጡ?» አልኩት ጀልባ ነጂውን።

«ጋሼ ደግሞ! ከየት ይመጣሉ? አገራቸው ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው፣ አገራቸው ነው። የእኔም ጥያቄ ግን የዋዛ አልነበረም። የጫሞ አዞ የአባይ አዞ ነው። በየምግብ ቤቱ ኮትሌት ሆኖ የሚቀርብልን ትልቁ አሳ፣ ናይል ፐርች፣ ስሙ ራሱ አባይን ይጠራል። ዛሬ ከጫሞ ተነስቶ አባይ የሚደርስ አንድም ጅረት የለም። አዞስ እሺ፣ እግር አለው እንበል። አሳ በየብስ አይሄድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 5 ሺህ ዓመት በፊት ድረስ ይህ ምድር ዛሬ ከምናውቀው እጅግ የበዛ ዝናብ ያገኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመን ከዚያ በፊትም ደጋግሞ መጥቷል። አባያ ሞልቶ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ ሞልቶ በሰገን ወንዝ ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕር ሞልቶ ወደ ቱርካና፣ ቱርካናም ሞልቶ በሶባት በኩል ወደ ነጭ አባይ ይፈስ ነበር። አሳው በዚህ የውሃ ጎዳና ነው የመጣው።

ምስክር ካስፈለገ ዛጎል አለ። ሁለት ክዳን ያላት፣ ከአለት ተጣብቃ የምትኖር አንዲት የወንዝ ፍጡር አለች። ሳይንቲስቶች ኤቴሪያ ይሏታል፤ ዛሬም በአባይና በሌሎች የአፍሪካ ወንዞች ትገኛለች። በቱርካና ዙሪያ፣ አሁን ጠብታ ውሃ በሌለበት ደረቅ ምድር፣ የጥንት ዛጎሎቿ ይገኛሉ። መራመድ የማትችል ፍጡር በረሃ ላይ ከተገኘች፣ ውሃው እዚያ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዝናቡ ቀነሰ፣ በሩም ተዘጋ። ጨው ባሕር አብዛኛው ጨዋማ ጭቃ ሆኖ ቀረ። የጫሞ አሳና አዞ እንግድነት ሄዶ ድልድይ እንደፈረሰበት ሰው እዚያው ቀሩ።

አድዋ ላይ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ አሳሽ እዚህ ደርሶ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» አለው። ስሙ በካርታ ላይ ሰንብቶ ጠፋ፣ አባያ ተመለሰ። ስም ይመለሳል። አሳ ግን እንደ ስም አይደለም። ጫሞ ውስጥ ያለቀ አሳ በገዛ መንገዱ ከአባይ ተመልሶ አይመጣም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይኑ የጠበበ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ያፍሳል። ከጋሞ ደጋ የሚታጠበው አፈር በየወንዙ ወደ ሐይቆቹ ይወርዳል፤ የአባያ ውሃ የቀላው በደለል ነው። እምቦጭም መጥቷል። ከጫካው እንጨት ተሸክማ የምትወጣውን እናት ልወቅስ አልፈልግም፤ ሌላ ማገዶ ሳንሰጣት «አትቁረጪ» ማለት ግፍ ነው። ግን ያለፈውን እናስታውስ። የነጭ ሳር ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ሲመሠረት አንዱ ዓላማ ቆርኬን ማዳን ነበር። ዛሬ ፓርኩ አለ፣ ቆርኬው የለም።

ስንመለስ «አሳውስ እንዴት ነው?» አልኩት ጀልባ ነጂውን። አሁን አልሳቀም። «ቀንሷል ጋሼ» አለና ዝም አለ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ተንበርክከው ለበቀል የወጡ ወጣቶችን መመለሳቸውን አገር ያውቃል። ሣሩን ያየ ወጣት አልፎ አልሄደም። መረቡንና መጥረቢያውንስ ማን ይሆን ተንበርክኮ የሚመልሰው? ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ወጉም አለ። እርጥቡ ሣር የሚበቅለው ግን ውሃው እስካለ ድረስ ነው።