የማጭድ መሰሉ ሕዋስ ታሪክ፤ ከቺካጎ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ

የኢትዮጵያ ገበሬ ቆላና ደጋን ለይቶ ካወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የለየውም ለእርሻና ለከብት እርባታ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ጭምር ነው። ክረምት ሲወጣ ቆላ ወርዶ ማደር ንዳድ እንደሚያስከትል ሐኪም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። ቆላና ደጋ በሰው ደም ውስጥ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው ውርስ ላይ ሳይቀር ልዩነት እንደሚያመጡ የታወቀው ግን ገና በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። የታወቀውም በጎረቤቶቻችን በኬንያና በዩጋንዳ ምድር ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ግኝት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በአሜሪካ ነው። በ1904 መጨረሻ ከግሬናዳ ደሴት የመጣ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ በቺካጎ ከተማ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ደሙን በማይክሮስኮፕ የመረመረው ተለማማጅ ሐኪም ክብ መሆን የሚገባቸውን ቀይ የደም ሕዋሳት ቀጥነውና ጎብጠው አገኛቸው። የተለማማጁ የበላይ የነበረው ዶክተር ጄምስ ሄሪክም ይህን በ1910 በጽሑፍ ለሕክምናው ዓለም አስታወቀ። ሕዋሳቱ ማጭድ ስለሚመስሉ በ1922 ቨርን ሜሰን የተባለ ሐኪም በሽታውን ዛሬ በሚታወቅበት ስም፣ ሲክል ሴል ብሎ ሰየመው። በአሜሪካ በመጀመሪያ የታዩት ታማሚዎች የአፍሪካ ተወላጆች ስለነበሩ ብዙዎች ሐኪሞች "ይህ የጥቁር ደም በሽታ ነው" ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። አባባሉ የሳይንስ ልብስ ለብሶ ስለቀረበ ለዘር መድልዎ ደጋፊዎች ጥሩ መሣሪያ ሆነላቸው።

በ1949 ሦስት ዐበይት ነገሮች በአንድነት ተገለጡ። አንደኛ፣ በአሜሪካ ጄምስ ኒል፣ በያኔዋ ሰሜናዊ ሮዴሽያ በዛሬዋ ዛምቢያ ደግሞ ቢት የተባለ ሐኪም የበሽታውን የውርስ መንገድ አስረዱ። ሰው የእያንዳንዱን በራሂ ወይም ጂን አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። የማጭዱን በራሂ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ልጅ ይታመማል። ከአንደኛው ብቻ የወረሰ ግን ጤነኛ ሆኖ በራሂውን ተሸክሞ ይኖራል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ እያንዳንዱ ልጃቸው ታማሚ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ የታማሚዎች ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ አካሄዱ ከጤነኛው የተለየ መሆኑን አሳዩ። በዚህም አንድ በሽታ የአንድ ሞለኪውል ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋገጠ። ሦስተኛ፣ ሌማንና ሬፐር የተባሉ ሐኪሞች በዩጋንዳ የሕዝብ ደም መርምረው የተሸካሚው ቁጥር በአንዳንዱ ዘንድ ከምንም የማይቆጠር፣ በሌላው ዘንድ 40 በመቶ ያህል መሆኑን አስታወቁ። እነርሱም ቢሆኑ የልዩነቱን ትርጉም የፈለጉት በነገዶች የዘር ሐረግ ውስጥ ነበር።

በዚያው ዓመት አንቶኒ አሊሰን የሚባል የኦክስፎርድ ተማሪ የኬንያን ተራራ ለማጥናት ከሚጓዝ ቡድን ጋር ወደ ኬንያ መጣ። አሊሰን በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገው በኬንያ ስለነበረ አገሩን ያውቀዋል። ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ደም እየሰበሰበ ሲመረምር፣ በባሕር ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ከሚኖሩት መካከል ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተሸካሚዎች ሆነው አገኘ። በደጋው በናይሮቢ ዙሪያ ግን ቁጥሩ ከአንድ በመቶ በታች ነበር። ልዩነቱ የነገድ ወይም የቋንቋ ሳይሆን የቆላና የደጋ ነበር። ታዲያ ቆላው ውስጥ ምን አለ? ወባ አለ።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ መታየት አለበት። በዚያን ዘመን የታመሙት ልጆች አብዛኞቹ ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ በራሂው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመነመነ መጥፋት ይገባው ነበር። አልጠፋም። የሚያጠፋውን ያህል የሚጠቅም ነገር ከሌለው በስተቀር እንዲህ በዝቶ ሊገኝ አይችልም። የአሊሰን ሐሳብ ተሸካሚውን ከወባ ይከላከልለታል የሚል ነበር። የወባን ኃይል ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

አሊሰን የሕክምና ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ሐሳቡን ለመፈተን በ1953 ተመለሰ። በካምፓላ አካባቢ የ290 ሕፃናትን ደም መረመረ። ተሸካሚ ካልሆኑት 247 ሕፃናት መካከል በ113ቱ፣ ማለትም በ46 በመቶው ደም ውስጥ የወባ ተውሳክ ተገኘ። ከ43ቱ ተሸካሚዎች ግን የተገኘው በ12ቱ፣ ማለትም በ28 በመቶው ብቻ ነበር። ቀጥሎም የሉዎ ተወላጆች በሆኑ 30 ፈቃደኛ ሰዎች ላይ የወባ ተውሳክ ሆን ተብሎ እንዲገባ ተደረገ። ተሸካሚ ካልሆኑት 15 ሰዎች 14ቱን ወባ ያዛቸው። ከ15ቱ ተሸካሚዎች ግን የያዘው ሁለቱን ብቻ ነው። ውጤቱ በ1954 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። የተፈጥሮ ምርጫ በሰው ልጅ ላይ ሲሠራ በግልጽ ከታየባቸው ማስረጃዎች አንዱና ቀደምቱ ይኸው ነው።

ይህን የመጨረሻ ሙከራ በዝምታ ማለፍ ተገቢ መስሎ አይታየንም። ጤነኛን ሰው ገዳይ በሆነው የወባ ዓይነት ማስያዝ፣ ያውም በቅኝ ግዛት ዘመንና የማው ማው ትግል በተፋፋመበት አገር፣ ፈቃደኝነት ምን ያህል ነፃ ነበር የሚል ጥያቄ ያስነሣል። በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር እንዲህ ያለው ሥራ በቀላሉ የሚፈቀድ አይደለም። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ የተገኘው በእነዚያ 30 ሰዎች ደም ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የአሊሰን ስም ሲጠራ የእነርሱ ስም አይጠራም።

የግኝቱ ትርጉም ከአፍሪካ ያለፈ ነው። የማጭዱ በራሂ በግሪክ፣ በዐረብ ምድርና በሕንድም ወባ በኖረባቸው ቦታዎች ይገኛል። ወባ በማይደርስበት የአፍሪካ ደጋ ደግሞ ብርቅ ነው። ስለሆነም "የጥቁር ደም በሽታ" የተባለው የጥቁር ሳይሆን የወባ አገር ምልክት ሆኖ ተገኘ።

የጉድለቱን ትክክለኛ ቦታ ያገኘው በካምብሪጅ የሚሠራው ቨርኖን ኢንግራም ነው። ሄሞግሎቢን ከአራት ሰንሰለቶች የተሠራ ሲሆን፣ ቤታ በሚባለው ሰንሰለት ላይ 146 አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። ኢንግራም በ1956 እና በ1957 ባሳተማቸው ጽሑፎች የታማሚው ሄሞግሎቢን ከጤነኛው የሚለየው በአንድ ዶቃ ብቻ መሆኑን አሳየ። በስድስተኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ገብቷል። "መከረ" የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ብንለውጥ "ሰከረ" እንደሚሆን ሁሉ፣ የአንዲት ዶቃ መለወጥ የሕዋሱን ጠባይ ይለውጠዋል። ኦክሲጅኑን ሲለቅ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ዘንግ ይሠራል። ሕዋሱ ይጎብጣል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። ታማሚውን የሚያሠቃየው ከባድ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመፍትሔው ፍንጭ ደግሞ ከሕፃናት ተገኘ። ጃኔት ዋትሰን የተባለች የኒውዮርክ የሕፃናት ሐኪም በ1948 እንደጻፈችው፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በሽታውን ቢወርሱም ወዲያው አይታመሙም። ምክንያቱም ከማኅፀን ይዘውት የሚወጡት ሄሞግሎቢን ሌላ ዓይነት ነው። ይህ የፅንስ ሄሞግሎቢን ከተወለዱ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። እንዲቀንስ የሚያዝዘው በራሂ የትኛው እንደሆነ የታወቀው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው። በ2012 ኤማኑኤል ሻርፓንቲየና ጄኒፈር ዳውድና በራሂን በተፈለገው ቦታ ላይ የሚቆርጠውን ክሪስፐር የተባለ ዘዴ አስተዋወቁ። ለዚህም በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች ተጋጠሙና፣ የታማሚውን የአጥንት መቅኔ ሕዋስ አውጥቶ ትእዛዝ ሰጪውን በራሂ በማዳከም የፅንሱን ሄሞግሎቢን መልሶ የሚያስነሣ ሕክምና ተገኘ። ብሪታንያና አሜሪካ በ2023 መጨረሻ ፈቀዱት።

ለሕክምናው በአሜሪካ የተተመነው ዋጋ ለአንድ ታማሚ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚህም ሌላ ከባድ የኬሚካል መድኃኒትና ለሳምንታት በሆስፒታል መተኛትን ይጠይቃል። በዓለም ከበሽታው ጋር ከሚወለዱት ሕፃናት ግን ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ነው። ምስጢሩ የተነበበው በምሥራቅ አፍሪካ ደም ሆኖ ሳለ፣ ፈውሱ ለምሥራቅ አፍሪካ ልጅ እንደ ሰማይ ርቋል። ታሪኩን በኖቤል ሽልማት ላይ የምናቆም ከሆነ ግማሹን ብቻ አስተማርን ማለት ነው።

እንዲህም ሲባል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይገባል ማለት አይደለም። በዩጋንዳ ከ100,000 ገደማ ሕፃናት ለሌላ ምርመራ ተወስዶ የነበረው ደም እንደገና ተመርምሮ፣ 13 በመቶ የሚሆኑት ተሸካሚዎች መሆናቸው በ2016 ታወቀ። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው በአፍ የሚወሰድ ርካሽ መድኃኒትም የፅንሱን ሄሞግሎቢን ከፍ ያደርጋል። በአንጎላ፣ በኮንጎ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ሕመምንም ሞትንም እንደሚቀንስ በ2019 ተገልጿል። በጊዜ የተመረመረና መድኃኒት ያገኘ ልጅ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራን ተባብረው፣ ተማሪዎች በአንድ ስስ ወረቀት ላይ ወባ የኖረባቸውን የአፍሪካ አገሮች፣ በሌላው ላይ የማጭዱ በራሂ የሚገኝባቸውን እንዲነድፉና ሁለቱን እንዲደራርቡ ቢያደርጉ መልካም ነው። የታሪክ መምህሩም ስማቸው ያልተጠራውን 30 ሰዎች ያውሳ። በክፍላችን ከሚቀመጡት መካከል የታመመ ወንድም ወይም እኅት ያለው ተማሪ ሊኖር ይችላል። "የእናትህ ደም መጥፎ ነው" ሲባል ሰምቶ ያደገ ይሆናል። ያ በራሂ ቅድመ አያቶቹን ከወባ አድኖ እርሱን ለዚህ ያበቃ መሆኑን፣ በሽታውም የማንም ኃጢአት አለመሆኑን ከመምህሩ ይስማ። ይህን ለመንገር 2.2 ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም።